ጥያቄዎቻችሁ፦ የሴቶች የሳንባ ካንሰር ሞት ለምን ከቦታ ቦታና ከዘመን ዘመን ይለያያል?

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ በመሆኑ አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። “ዓ.ም.” ተብሎ ካልተጻፈ በቀር በመልሶቹ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የምኖረው በአሜሪካ፣ ኦሃዮ ግዛት፣ ኮለምበስ ከተማ ነው። በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት በረዳትነት ስሠራ 9 ዓመት ሆኖኛል። ከምንከባከባቸው ሴቶች መካከል በሳንባ ካንሰር የሚያርፉት መብዛታቸው ያስደነግጠኛል፤ በተለይ ከግዛቲቱ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከተራራማው አገር የመጡት። በቴሌቪዥን ግን የሳንባ ካንሰር ሞት ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ነው ሲባል እሰማለሁ። ባለፈው ወር አንዲት እናት “ማጨስ የጀመርኩት በ15 ዓመቴ ነው፤ ከተውኩት ግን 12 ዓመት አልፎኛል፤ ታዲያ በሽታው አሁን ምን አመጣው?” ብለው ሲጠይቁኝ የምመልሰው አጣሁ። የምሰማውና የማየው እንዴት ይታረቃሉ?

መልስ፦ የሰሙትም ያዩትም እውነት ነው። ሁለቱን ለማስታረቅ ግን እነዚያ እናቶች ልጃገረዶች ወደነበሩበት ዘመን መመለስ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ትምባሆ ሰው የሚገድለው ቀስ ብሎ፣ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ሲጋራ ከተለኮሰ ከ20 እስከ 40 ዓመት ቆይቶ ነው። ስለዚህ አንድ አገር በዚህ ዓመት በሳንባ ካንሰር ያጣቻቸውን ሰዎች ስንቆጥር በእጃችን ያለው ከ30 ዓመት በፊት የነበሩ አጫሾች ቆጠራ ነው ማለት ይቻላል።

አሜሪካውያን ወንዶች ሲጋራን በገፍ የለመዱት በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ጊዜ፣ ሲጋራ ከወታደሩ ስንቅ ጋር ይታደል በነበረበት ወቅት ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ ከአዋቂ ወንዶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ያጨሱ ነበር። የሞታቸው መጠን ለአሥርተ ዓመታት ሲያሻቅብ ቆይቶ በ1990 ገደማ ጣሪያ ነካ፤ ከዚያ በኋላ መውረድ ያዘ። ሴቶቹ ወደዚህ የገቡት ዘግይተው ነው። እስከ 1920ዎቹ ድረስ ሴት ልጅ በአደባባይ ማጨሷ እንደ ነውር ይቆጠር ስለነበር የትምባሆ ነጋዴዎች ከሕዝቡ ግማሹን በደንበኝነት ማግኘት አልቻሉም ነበር። ነውሩን ለመስበር የተጠቀሙበት ዘዴ ዛሬም ድረስ በማስታወቂያ ትምህርት ቤቶች ይጠቀሳል። በ1929 የትንሣኤ በዓል ዕለት ኤድዋርድ በርኔይስ የተባለው የማስታወቂያ ባለሙያ በኒውዮርክ አምስተኛው ጎዳና በሚደረገው ሰልፍ ላይ ወጣት ሴቶች ሲጋራ እያጨሱ እንዲያልፉ አደረገ፤ ሲጋራውንም “የነጻነት ችቦ” አሰኘው። ገንዘቡን የከፈለው የላኪ ስትራይክ ሲጋራ አምራች ነበር። በ1968 ደግሞ ቨርጂኒያ ስሊምስ የተባለ፣ ለሴት ጣት ተብሎ የቀጠነ ሲጋራ ገበያ ላይ ዋለ። በ1960ዎቹ አጋማሽ ከአሜሪካ አዋቂ ሴቶች አንድ ሦስተኛ ያህሉ አጫሾች ሆነው ነበር።

ሒሳቡ የመጣው በቀጠሮው ነው። በ1987 በአሜሪካ ሴቶች ዘንድ የሳንባ ካንሰር የጡት ካንሰርን በልጦ በካንሰር ከሚመጣ ሞት አንደኛውን ስፍራ ያዘ፤ እስካሁንም አልለቀቀም። የሴቶቹ የሞት መጠን ጣሪያ የነካው ከወንዶቹ ወደ አሥር ዓመት ገደማ ዘግይቶ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው፤ በዚያን ጊዜ ከ100 ሺህ ሴቶች መካከል ወደ 40 የሚሆኑት በየዓመቱ ይሞቱ ነበር፣ ዛሬ ግን ቁጥሩ ከ30 በታች ወርዷል። በቴሌቪዥን የሚሰሙት የምሥራች ይህ ነው። ይህም ሆኖ በየዓመቱ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ አሜሪካውያን ሴቶች በሳንባ ካንሰር ይሞታሉ፤ ሮዝ ሪባን በየአደባባዩ የሚታሰርለት የጡት ካንሰር የሚገድላቸው ወደ 42 ሺህ ገደማ ናቸው። የሳንባው በሽተኛ “እጄን በእጄ ቆረጥኩ” ብላ ስለምታፍርና ሰውም እንዲሁ ስለሚፈርድባት ይመስለኛል እንዲህ ያለ ድምፅ ያላገኘችው።

አሁን ወደ ተራራማው አገር እንሂድ። የሞት መጠኑ ከግዛት ግዛት በእጅጉ ይለያያል፤ በኬንተኪ ከዩታ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። በዩታ ብዙው ሕዝብ የሞርሞን እምነት ተከታይ ሲሆን ሃይማኖቱ ትምባሆን ይከለክላል። (ቡናንም ይከለክላል፤ ለእኛ ይህኛው ሳይከብደን አይቀርም።) ኬንተኪ በተቃራኒው የትምባሆ ገበሬዎች አገር ናት። እስከ 2005 ድረስ በአንድ ፓኮ ሲጋራ ላይ የምታስከፍለው ግብር 3 ሳንቲም ብቻ ነበር። የካሊፎርኒያ ሕዝብ ግን በ1988 በሰጠው ድምፅ በእያንዳንዱ ፓኮ ላይ 25 ሳንቲም እንዲጨመር ወሰነ፤ ከገንዘቡ ከፊሉም በትምባሆ ላይ ለሚደረግ ትምህርት ዋለ። ከ1995 ጀምሮ በሥራ ቦታ፣ ከ1998 ጀምሮ በመጠጥ ቤት ማጨስ ተከለከለ። በ1990ዎቹ የነበሩ ሁለት ወጣት ሴቶች፣ አንዷ በሎስ አንጀለስ፣ ሌላዋ በአፓላቺያ ተራሮች ሥር፣ የኖሩት በአንድ አገር ባንዲራ ሥር ቢሆንም ሲጋራው ግን ለአንደኛዋ በዋጋም በቦታም እየራቀ፣ ለሌላዋ በየሱቁ እንደ ማስቲካ ይሸጥ ነበር።

የአፓላቺያ አካባቢ ከኦሃዮ 32 ካውንቲዎችን ያጠቃልላል፤ እርስዎ የጠቀሷቸው እናቶች የመጡት ከእነዚህ ይመስለኛል። የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር ተመራማሪዎች የተሳተፉበት በ2018 የታተመ ጥናት ከ1990 እስከ 2015 የነበረውን የሴቶች የሳንባ ካንሰር ሞት በየካውንቲው መርምሮ ሁለት ቀጠናዎችን ለይቷል። የመጀመሪያውና ሰፊው በአፓላቺያና በመካከለኛው ምዕራብ የሚገኝ ሲሆን ሁለተኛው በመካከለኛው ምዕራብ ሰሜናዊ ክፍል ያለ አነስተኛ አካባቢ ነው። በተጠናው ዘመን የሞት መጠኑ በመጀመሪያው ቀጠና በ13 በመቶ፣ በሁለተኛው በ7 በመቶ ጨመረ፤ በቀረው አገር ግን በ6 በመቶ ቀነሰ። ለአገሪቱ በሙሉ የሚነገረው አንድ ቁጥር ይህንን ሁሉ ቀላቅሎ ስለሚያቀርብ እርስዎ በየቀኑ የሚያዩትን ይሸፍነዋል።

አንድ ጥንቃቄ ግን ልጨምር። የሳንባ ካንሰር በአብዛኛው የሚገኘው በ70 ዓመት አካባቢ ነው፤ እርስዎ የሚውሉት ደግሞ ከአረጋውያን ጋር ነው። በመንከባከቢያ ቤት በሽታው በዝቶ መታየቱ ብቻውን ስለ አካባቢው የሚያስረዳው ነገር ትንሽ ነው። አጥኚዎች ሁለት ቦታዎችን ወይም ሁለት ዘመናትን ሲያወዳድሩ በመጀመሪያ የሕዝቡን የዕድሜ ስብጥር እኩል አድርገው ያሰላሉ፤ ከላይ የጠቀስኳቸው መጠኖችም በዚህ መንገድ የተስተካከሉ ናቸው። ይህ ካልተደረገ ጡረተኞች የሚሰበሰቡባት ከተማ ሁሉ የካንሰር መናኸሪያ መስላ ትታያለች።

በአውሮፓ ያለው ሥርጭትም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። ሴቶቿ ቀድመው ማጨስ የጀመሩባት ዴንማርክ ለረጅም ጊዜ ከፍተኛ የሴቶች ሞት ከሚመዘገብባቸው አገሮች አንዷ ናት፤ ሃንጋሪም እንዲሁ። በስፔን ግን ሴቶች በብዛት ማጨስ የጀመሩት የፍራንኮ አገዛዝ ሊያበቃ ሲል፣ ማለትም በ1970ዎቹ ስለነበረ፣ በወንዶቹ ዘንድ ሞቱ እየወረደ ሳለ በሴቶቹ ዘንድ ገና ሲወጣ ታይቷል።

ወደ ጠየቁዎት እናት ልመለስ። ማጨስ ካቆሙ ከ10 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ በሳንባ ካንሰር የመሞት አደጋ ማጨሱን ከቀጠለ ሰው አደጋ ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ ፈጽሞ ካላጨሰ ሰው ጋር ግን አይተካከልም። ጭሱ በሳንባ ሕዋሳት ውስጥ ያደረሰው ጉዳት ከፊሉ እዚያው ስለሚቀር ከብዙ ዓመት በኋላም ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል። መተዋቸው ከንቱ እንዳልነበረ ይንገሯቸው፤ ዕድሜ ጨምሮላቸዋል ማለት ስሕተት አይሆንም። ገና ላልታመሙትና በጥሩ ጤና ላይ ላሉት ደግሞ ሌላ የሚነገር ነገር አለ። በአሜሪካ ከ2021 ጀምሮ ባለው መመሪያ መሠረት ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 80 የሆነ፣ ቢያንስ በቀን አንድ ፓኮ ለ20 ዓመት ወይም ሁለት ፓኮ ለ10 ዓመት ያጨሱና እስካሁን የሚያጨሱ ወይም ካቆሙ 15 ዓመት ያልሞላቸው ሰዎች በየዓመቱ አነስተኛ ጨረር ባለው ሲቲ ስካን እንዲመረመሩ ይመከራል። ከ53 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉበትና በ2011 ውጤቱ የወጣ ጥናት ይህ ምርመራ፣ በተራ ራጅ ከመመርመር ጋር ሲነጻጸር፣ በሳንባ ካንሰር የሚሞቱትን በ20 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ጥያቄ፦ እናቴ 62 ዓመታቸው ነው፤ በደብረ ብርሃን ዙሪያ ነው የሚኖሩት። ሲጋራ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም። አባቴ ግን በሕይወት ሳሉ ቤት ውስጥ ያጨሱ ነበር። እናቴ ከልጅነታቸው ጀምሮ በኩበትና በባሕር ዛፍ ቅጠል እንጀራ ሲጋግሩ ኖረዋል። አሁን ሳል ከጀመራቸው ሦስት ሳምንት አልፏል። የማያጨሱ የቻይና ሴቶች ከምድጃ ጭስ የተነሣ በሳንባ ካንሰር እንደሚያልቁ አንብቤ እንቅልፍ አጣሁ። የእናቴም ነገር እንደዚያ ይሆን?

መልስ፦ ቻይና ትቆየንና ከእናትዎ እንጀምር። በአገራችን ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል በመጀመሪያ የሚያስጠረጥረው የሳንባ ነቀርሳን እንጂ ካንሰርን አይደለም። ነገ ዛሬ ሳይሉ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዷቸውና አክታቸው ይመርመር፤ ምርመራውም ሕክምናውም በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል። አክታቸው ንጹሕ ከሆነና ሳሉ ካልለቀቃቸው፣ ደም ከቀላቀለ ወይም ሰውነታቸው ከመነመነ ራጅ እንዲነሡ ይጠይቁ። ብዙ የሳንባ ካንሰር ሕሙማን ነቀርሳ ነው ተብሎ ያለ አክታ ማረጋገጫ መድኃኒት ሲወስዱ ወራት ያልፉባቸዋልና ምርመራው ሳያልቅ በግምት ብቻ መድኃኒት መጀመሩን አይቀበሉ።

ያነበቡት ነገር እውነተኛ መሠረት አለው። ቦታው በደቡብ ምዕራብ ቻይና፣ በዩናን ክፍለ ሀገር የምትገኘው ሹዋንዌይ ናት። በ1970ዎቹ አጋማሽ ቻይና በመላ አገሪቱ የካንሰር ሞትን ስትቆጥር በሹዋንዌይ ሴቶች ላይ የተመዘገበው የሳንባ ካንሰር ሞት ከአገሪቱ ከፍተኛ መጠኖች አንዱ ሆኖ ተገኘ። የሚያስገርመው ከወንዶቹ ብዙዎቹ ሲያጨሱ ሴቶቹ ፈጽሞ አያጨሱም ለማለት ይቻል ነበር፤ የሁለቱ የሞት መጠን ግን ተቀራራቢ ነበር። ምክንያቱ የተገኘው ወጥ ቤት ውስጥ ነው። የቤቱ ወለል መካከል ተቆፍሮ ጉድጓድ ይበጃል፤ በዚያ ውስጥ ከአካባቢው ጉድጓዶች የሚወጣ ጥቁር ጭስ የሚተፋ የድንጋይ ከሰል ይነድዳል፤ ጭስ ማውጫ የለውም። ምግብ የምታበስለውም፣ በብርድ ጊዜ እሳቱ ዳር የምትሞቀውም ሴቲቱ ናት። በዚያው ወረዳ እንጨት ወይም ጭሱ አነስተኛ የሆነ የከሰል ዓይነት በሚያነድዱ መንደሮች ግን በሽታው በእጅጉ ያነሰ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ከአሜሪካው ታሪክ ይልቅ የሚያጽናና ነው። ከ1970ዎቹ ወዲህ ገበሬዎቹ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ እየሠሩ ሄዱ። ተመራማሪዎች ከ1976 እስከ 1992 ከ21 ሺህ በላይ ገበሬዎችን ተከታትለው በ2002 ባወጡት ውጤት ምድጃቸውን ያሻሻሉት ሰዎች በሳንባ ካንሰር የመያዝ አደጋቸው በወንዶች በ41 በመቶ፣ በሴቶች በ46 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። ለውጡ ጎልቶ የታየው ጭስ ማውጫው ከተሠራ ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ነው። አንድ ቧንቧ ከጣሪያ በላይ መውጣቱ ይህን ያህል ሥራ ሠርቷል።

ይሁን እንጂ የሹዋንዌይን ታሪክ እንዳለ አንሥቶ ሸዋ ላይ ማስቀመጥ ትክክል አይደለም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በቤት ውስጥ የሚነድድ የድንጋይ ከሰል ጭስን ካንሰር አምጪነቱ ከተረጋገጠው ምድብ ሲያስገባው የእንጨትና የመሰል ማገዶ ጭስን ያስቀመጠው “ሳያመጣ አይቀርም” በሚባለው ቀጣይ ምድብ ነው። እናትዎ ያነደዱት ኩበትና ቅጠል ነው። የማገዶ ጭስ ይበልጥ በእርግጠኝነት የሚታወቅበት ጉዳት የቆየ የሳንባ ቧንቧ መታፈን፣ የሕፃናት የሳንባ ምችና የዓይን ሕመም ነው፤ የእናትዎም ሳል ከመጀመሪያው ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙ ስንት ዓመት እንደጋገሩ፣ ማድ ቤቱ መስኮት ይኑረው አይኑረው እንዲያውቅ ይንገሩት። የአባትዎ ሲጋራም መነገር አለበት። በጃፓን ከ91 ሺህ በላይ የማያጨሱ ሚስቶችን ለ14 ዓመታት የተከታተለና በ1981 የታተመ ጥናት ባሎቻቸው ብዙ የሚያጨሱ ሴቶች በሳንባ ካንሰር ይበልጥ እንደሚሞቱ ያሳየ ሲሆን የትምባሆ ኩባንያዎች ቢሟገቱትም ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች አረጋግጠውታል።

በምሥራቅ እስያ ከምድጃውና ከባል ሲጋራ በተጨማሪ ሌላም ነገር ሳይኖር አይቀርም። በታይዋን በሳንባ ካንሰር ከሚያዙት ሴቶች ከአሥሩ ዘጠኙ አጭሰው አያውቁም፤ በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት፣ በጣም ከጋለ ዘይት የሚነሣ ጭስና የአየር ብክለት በምክንያትነት ይጠናሉ። በመሆኑም የታይዋን መንግሥት በ2022 የጀመረው የሲቲ ስካን ምርመራ አጫሾችን ብቻ ሳይሆን ከቤተሰባቸው የሳንባ ካንሰር የነበረበት ሰው ያላቸውንም ያካትታል።

እናትዎ መጋገራቸውን ካልተዉ ምርጥ የሚባለውን የእንጀራ ምድጃ ቢያስገቡላቸው ማገዶውን እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። ጭሱ ግን በምድጃው ብቻ አይወገድም፤ ከምጣዱ በላይ፣ ጣሪያው ሥር ሁለት ክንድ ያህል ክፍተት ይተውለት። አክንባሎው ሲከደን እሳቱን እፍ ለማለት ፊታቸውን ወደ ጉልቻው የሚያስጠጉበት ጊዜም ባጠረ ቁጥር ይሻላል፤ ደረቅ ማገዶ ለዚህ ይረዳል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ዱባይ ነው። በዕረፍት ቀን ከጓደኞቼ ጋር ሺሻ እናጨሳለን። ሲጋራ ግን ነክቼ አላውቅም። ውኃው መርዙን ያስቀረዋል ይባላል፤ ደግሞስ የሐበሻ ሴት በሳንባ ካንሰር ስትሞት የት ይታያል?

መልስ፦ ውኃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ አያጠራውም፤ በመቀዝቀዙም ሰው ጠለቅ አድርጎ እንዲስበው ያደርጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአንድ የሺሻ ቆይታ ወደ ሳንባ የሚገባው የጭስ መጠን ከአንድ ሲጋራ ከ100 እስከ 200 እጥፍ ሊደርስ ይችላል። የከሰሉ ፍም የሚያወጣው ጋዝም አለ።

የሐበሻ ሴት ብዙም አለመታየቷ እውነት ነው። በ2016 በኢትዮጵያ በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀሙት አዋቂ ሴቶች ወደ 2 በመቶ፣ ወንዶቹ 8 በመቶ ገደማ ነበሩ፤ ጋያ የሚያጨሱትም በዚህ ውስጥ ተቆጥረዋል። በአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ ከሴቶች ዘንድ ጎልተው የሚታዩት የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር ናቸው። ነገር ግን ለኮለምበሷ ጠያቂያችን የተሰጠውን መልስ ቢያነቡ በ1929 የነበሩ አሜሪካውያን ሴቶችም በሳንባ ካንሰር እምብዛም አይሞቱም ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 በአገር ቤት ሕዝብ በሚሰበሰብባቸው ቤቶች ውስጥ ማጨስን፣ የትምባሆ ማስታወቂያንና ጣዕም የተጨመረበትን ትምባሆ የከለከለው ያ ዘመን ለእኛ ሳይመጣ ነው።

እስከዚያው ሐኪም “ያጨሳሉ?” ብሎ ሲጠይቅዎ “አላጨስም” ብለው አይለፉት። ሺሻ መሆኑን፣ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሆነና አንድ ጊዜ ሲቀመጡ ስንት ሰዓት እንደሚቆዩ ይንገሩት፤ በካርዱ ላይም እንዲጽፈው ይጠይቁት።